ዶሮ የታቀፈችበት ምድጃ

በ2009 ዓ.ም. ግንቦት ላይ፣ ከሐሙሲት ቁልቁል ወደ ጣና በሚወስደው መንገድ ዳር ካሉት ጎጆዎች ወደ አንዱ ጎንበስ ብዬ ገባሁ። በእጄ የያዝኩት መጠይቅ ሦስተኛ ጥያቄ «ባለፉት ሰባት ቀናት እንጀራ የጋገሩት በየትኛው ምድጃ ነው?» ይላል። የቤቱ እመቤት፣ እኔ እማማ የምላቸው ሴት፣ አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት ምድጃው ራሱ መለሰልኝ። እሠራበት የነበረው ድርጅት ከስምንት ወር በፊት በነፃ ያደለው ምርጥ ምድጃ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ማገዶ መክተቻው ውስጥ ገለባ ተጎዝጉዟል፤ ገለባው ላይ አንዲት ገብስማ ዶሮ ታቅፋለች። ከጎኑ ሦስቱ ጉልቻ እንደ ጥንታቸው ተጎልተዋል፤ አመዱ ገና አልበረደም።

«እማማ፣ ምድጃውን አልወደዱትም እንዴ?»

«ኧረ ወድጄዋለሁ ልጄ። ዶሮዋም ወዳዋለች።»

በሌሎቹም ቤቶች ያየሁት ከዚህ ብዙ አይለይም ነበር። አንዱ ቤት ላይ ሽንኩርት ተቀምጦበታል፣ ሌላው ቤት ለእንግዳ መቀመጫ ሆኗል። ሲመሽ ወደ ባሕር ዳር ስንመለስ ሾፌራችን «ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሳቁ ያለቀው ሪፖርቱን ስጽፍ ነው። ያየሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ ጻፍኩ፤ ሰው ምድጃውን ተቀብሏል፣ አመስግኗል፣ ግን አልጋገረበትም። አለቃዬ አነበበው። አልተቆጣም፤ ተነሥቶ በሩን ዘጋና ዝግ ባለ ድምፅ «አንቺ ልጅ፣ ይህ እኮ ገበና ነው» አለኝ። «ገበና ይሸፈናል እንጂ ለሰው አይታይም።» ሪፖርቱ ከጀርባው ካለው መደርደሪያ ላይኛው ረድፍ ገባ። እስከማውቀው ድረስ አልወረደም።

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ እረሳው ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ስብሰባ ላይ ከጎኔ የተቀመጠች ልጅ፣ በሌላ ድርጅት የምትሠራ፣ በሐይቁ ሌላ ዳርቻ ያንኑ ምድጃ ማደል መጀመራቸውን በደስታ ነገረችኝ። ምን ልበላት? ሪፖርቱ የእኔ አይደለም፤ የታተመ ነገር የለም፤ «እዚያ ማዶ አይተነው አልሠራም» የሚል አንድ ገጽ ወረቀት ከእጄ አልወጣም። ዝም አልኩ። የሰው ገንዘብ፣ የሰው ድካም፣ ሌላ ዶሮ።

በዚያች ዝምታዬ እስከ አሁን አፍራለሁ። አራት ሆነን ጆርናል ለመመሥረት የተነሣነውም፣ ከእኔ በኩል፣ በእርሷ ምክንያት ነው። ጆርናሉ የሚያትመው በጎ ሥራን የመዘኑ ጥናቶችን ነው። ማን ምን ሰጠ፣ ምን ያህል ወጣበት፣ ከዚያ በኋላ የሰው ኑሮ ተለወጠ ወይስ አልተለወጠ። በተለይ ደግሞ አልተለወጠም የሚሉትን።

እምቦጭን ለመንቀል በተደረጉት ዘመቻዎች እኔም ወጥቻለሁ። ጣና ላይ አረሙ በይፋ ከታወቀ ከእ.ኤ.አ. 2011 ወዲህ ስንት ሺሕ ሰው ጭቃ ውስጥ ቆሞ በእጁ ነቅሏል። እኔም እስከ ጉልበቴ ገብቼ ዘፍኛለሁ፣ ነቅያለሁ፣ ለሦስት ቀን ወገቤን ታምሜአለሁ። እንደዚያ ቀን ሰው ከሰው ጋር የተዋደደበት ቀን አላስታውስም። ግን እኔ የነቀልኩባት ቦታ በዓመቱ ምን እንደሆነች ተመልሼ አላየሁም። የነቀልነውን ዳር ላይ ከምረን መሄዳችን ይበጃል ወይስ ከውሃው አርቆ ማቃጠል? የአረሙ ዘር ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል፤ ስለዚህ ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ፍቅራችንን ግን መለኪያ ይዘን መከተል አልለመደብንም። የሚለካ ሰው ምቀኛ ይመስላል።

መለካት ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ በአያቴ በኩል ነው። አያቴ አንገቷ ላይ ከማተቧ ጋር ወረንጦ ታንጠለጥል ነበር። ትራኮማ የዓይኗን ቆብ ወደ ውስጥ ስለገለበጠው ፀጉሩ ብሌኗን ይወጋታል። ጠዋት ጠዋት ደጃፍ ላይ ፀሐይ ፊት ተቀምጣ እንድነቅልላት ትጠራኛለች፤ በሰባት ዓመቴ እጄ የማይንቀጠቀጥ ልጅ እኔ ብቻ ነበርኩ። ጎጃም ውስጥ ወረንጦ ያላንጠለጠለች አሮጊት ማግኘት በዚያን ጊዜ ይከብድ ነበር፤ የአማራ ክልል በዓለም ላይ ትራኮማ እጅግ ከጠናባቸው ስፍራዎች አንዱ ነውና።

ካደግሁ በኋላ አንድ ጥናት አገኘሁ። ስሙ የእንግሊዝኛ ቃላት ምህጻር ነው፤ ሲነበብ ግን «ጣና» ይላል። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በምሥራቅ ጎጃም በጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ የተካሄደ ነው። 72 ንዑስ ቀበሌዎች በዕጣ ተመደቡ፤ አንዳንዶቹ አዚትሮማይሲን የተባለውን መድኃኒት ቶሎ ወሰዱ፣ አንዳንዶቹ እየደጋገሙ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ዓመት ዘግይተው። ዋናው ዓላማ ዓይን ነበር። አጥኚዎቹ ግን የሞቱ ልጆችንም ቆጠሩ። እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር ጆርናል ላይ ያወጡት ውጤት አፍ ያስከፍታል፤ መድኃኒቱን ባገኙት ስፍራዎች ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ያሉ ልጆች ሞት ካላገኙት ግማሽ ያህል ሆኖ ተገኘ። ለዓይን የተሰጠ ኪኒን ሞትን!

እኔ የዚያን ጊዜ የምርምር ኃላፊ ብሆን ኖሮ ከበሮ አስመታ ነበር። ሰዎቹ ግን አልዘፈኑም፤ ገና ማረጋገጥ ያስፈልጋል አሉ። በኒጀር፣ በማላዊና በታንዛኒያ እጅግ ሰፊ ጥናት ተሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ ሲወጣ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ሞት በ13.5 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ዕድሜውም አገሩም ሌላ ስለሆነ ሁለቱን ቁጥር ጎን ለጎን አቁሞ ማነጻጸር ልክ አይሆንም፤ ቢሆንም «ግማሽ» ብሎ ያቀደ መንግሥት ባጀቱን ምን ያህል ሊስት ይችል እንደነበረ አስቡት። 13.5 ትንሽ ቁጥር አይደለም። የታመነ ቁጥር በመሆኑ ደግሞ ከግማሹ ይልቅ እወደዋለሁ።

ከዚያ ደግሞ የምድጃዬ እኅት የሆነ ጥናት መጣ። እዚሁ አማራ ክልል፣ ዋግ ኽምራ ውስጥ 40 የገጠር መንደሮች ተመርጠው ለግማሾቹ የውሃ ቦታ ተሠራ፣ ስለ መጸዳጃና ስለ ፊት መታጠብ ትምህርት ተሰጠ፤ ለግማሾቹ ጥናቱ እስኪያልቅ ተቆየ። ከሦስት ዓመት በኋላ የትራኮማው ተሕዋስ በመጀመሪያዎቹ መንደሮች አልቀነሰም። ይህንንም እንዳለ ጻፉት፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ታዋቂ ጆርናል ላይ ወጣ። ውሃ አያስፈልግም ማለታቸው አይደለም፤ የዓባይ ልጅ ውሃ ሲጠማው ያየ ሰው እንዲህ አይልም። ይህ ብቻውን፣ በዚህ መጠን፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ይህን በሽታ አልቀነሰም ማለታቸው ነው። ያንን ጽሑፍ ባነበብኩ ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። እነዚህ ሰዎች ጉድጓድ አስቆፍረው፣ ሦስት ዓመት ደክመው «አልሆነም» ማለት ከቻሉ የእኔ ሠላሳ አንድ ገጽ ለምን መደርደሪያ ላይ ይተኛል? መልሱን ግን አውቀዋለሁ። እነርሱ ትልቅ ገንዘብ፣ ትልቅ ዩኒቨርሲቲና ትልቅ ጆርናል ነበራቸው። የአንዲት ወረዳ ምድጃ ማን ያትማል?

በ2015 ዓ.ም. ክረምቱ ሳይገባ አራት ሆነን ሐይቁ ዳር ዓሣ ቤት ተቀመጥን። አንዱ ስታትስቲክስ ያስተምራል፤ አንዷ ሃያ ዓመት ያገለገለች ነርስ ናት፤ አንዱ ደግሞ ጎጃም ቅኔ ቤት አድጎ በኋላ ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ነው። ቆሮሶው እስኪጠበስ ስለ አቻ ግምገማ ስናወራ፣ ነርሷ ሰው ሥራውን ለሌላ ባለሙያ አሳልፎ ሰጥቶ መተቸትን እዚህ አገር ማን ይችለዋል ብላ ተጠራጠረች። የቅኔ ቤቱ ሰው ሳቀባት። «ተማሪው ሌሊቱን የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ሲነግር ጓደኞቹ ሁሉ ይሰማሉ። ቤት ከመታ መታ፤ ካልመታ መምህሩ እዚያው ያርመዋል። ስሙ ነገራ ነው። እስከ አሁን በነገራ የሞተ ተማሪ አላየሁም።» ነገሩ እዚያ ላይ ተቆረጠ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጆርናሎች በፓሪስና በለንደን ሲጀመሩ እ.ኤ.አ. 1665 ነበር፤ አፄ ፋሲል ጎንደር ላይ ነግሠው ሳለ ማለት ነው። ነገራ ያን ጊዜም የአገራችን ልማድ እንደነበረ የቅኔ ቤቱ ሰው ሊያስምለን ደርሶ ነበር።

ደንባችንም ግማሹ የተዋሰው ከእኛው ነው። ጥናት ከታተመ በኋላ ስሕተት ቢገኝበት ምን ይደረግ ስንባባል፣ ያው ሰው የጣና ገዳማት ብራናዎች ላይ የሚገኘውን ውግዘት ጠቀሰ፤ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ»፣ የሰረቀውም የፋቀውም የተወገዘ ይሁን። እኛም እንዲሁ ይሁን አልን። የተሻረ ጥናት «ተሽሯል» ተብሎ ምክንያቱ ይጻፍበታል እንጂ ከቅጹ ላይ አይፋቅም። ደህና የሚባሉ ጆርናሎች ሁሉ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ውግዘቱን ግን አይጨምሩበትም።

ትልቁ ክርክር ውጤቱ ከመታወቁ በፊት ጥናት እንቀበል ወይስ አንቀበል በሚለው ላይ ነበር። ይህን አሠራር እ.ኤ.አ. በ2013 ኮርቴክስ የተባለ ጆርናል በክሪስ ቼምበርስ ግፊት ጀመረው፤ ዛሬ ከ300 በላይ ጆርናሎች ተከትለውታል። አጥኚው ጥያቄውንና ዘዴውን ይዞ ይመጣል፤ ገና መረጃ አልሰበሰበም። ገምጋሚዎች ያንን ይመዝናሉ። ጥያቄው ጠቃሚ፣ ዘዴውም ብቁ ከሆነ ጆርናሉ «ውጤቱ ምንም ይሁን ምን አትመዋለሁ» ብሎ ቃል ይገባል። ነርሷ አልዋጥ አላት። ውጤቱ ሳይታይ እንዴት ቃል ይገባል? ያን ጊዜ አራታችንም ያለንበትን ዕቁብ አስታወስኳት። የዕቁብ ውል የሚታሰረው ዕጣው ሳይወጣ ነው። ዕጣው ወጥቶ የማን ስም እንደሆነ ካየን በኋላ እንዋዋል ብንል ዕቁብተኛ አይኖርም። ያላሸነፈ ሁሉ ይቀራላ። ጥናትም እንዲሁ ነው፤ ውጤቱን ካየን በኋላ ብንዋዋል «ለውጥ አልታየም» የሚለው ሁሉ ይቀራል። ያን ወር የወጣላት እርሷ ስለነበረች ብዙ ልትከራከረኝ አልቻለችም፤ ገንዘቡንም ለጆርናሉ የመጀመሪያ ወጪ አበደረችን።

መረጃው ለሁሉም ክፍት ይሁን በሚለው ላይ አልተከራከርንም። በምዕራብ ኬንያ ቡሲያ ላይ በ75 ትምህርት ቤቶች የሆድ ትል መድኃኒት የሰጠውን ዝነኛ ጥናት ሁላችንም እናውቀዋለን። ኤድዋርድ ሚጌልና ማይክል ክሬመር እ.ኤ.አ. በ2004 አወጡት፤ ክሬመር በ2019 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ኖቤል ተሸለመ። አጥኚዎቹ መረጃቸውን ስለሰጡ ሌሎች በ2015 እንደገና አስልተውት የስሌት ስሕተት አገኙበት፤ ድምዳሜው ይጸናል አይጸናም የሚለው ጭቅጭቅ ለወራት ቆየ። እንዲህ ዓይነት ጭቅጭቅ ያስቀናኛል። ልጆቻችን በየቀኑ ሐይቁ ውስጥ እየዋኙ ብልሃርዚያ ይዘው ይወጣሉ፤ እኛ ዘንድ ግን የሚጨቃጨቁበት ወረቀት እንኳ የለም።

ከዚያ ነሐሴ ላይ ኢንተርኔት ከከተማችን ጠፋ። ጆርናሉን የምናደራጅበትን ኦፕን ጆርናል ሲስተምስ የተባለ ነፃ ፕሮግራም ጓደኛችን ከአዲስ አበባ በፍላሽ አምጥቶልን ስለነበር በአንድ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ፣ ከዓለም ጋር ሳንገናኝ፣ ጆርናል መጫወት ጀመርን። አንዳችን ጸሐፊ፣ አንዳችን ገምጋሚ፣ አንዳችን አርታዒ እየሆንን። በእነዚያ ወራት የለመድኩት ሌላ ጨዋታ የአይ.ኤስ.ኤስ.ኤን. ቁጥር ነው። እያንዳንዱ ጆርናል የሚሰጠው መለያ ስምንት ቦታ አለው፤ ሰባቱን በቅደም ተከተል ከስምንት እስከ ሁለት ባሉት ቁጥሮች ታባዛለህ፣ ትደምራለህ፣ ከዚያ ድምሩ ለ11 ያለ ቀሪ እንዲካፈል የጎደለውን ስምንተኛው ይሞላዋል። ስምንተኛው የራሱ ትርጉም የለውም፤ ሥራው ሰባቱ በትክክል መጻፋቸውን መቆጣጠር ነው። መብራት በሌለበት ማታ በሻማ የማገኛቸውን ጆርናሎች ሁሉ ቁጥር እየፈተሽኩ አነጋ ነበር። ባለቤቴ አበደች ብሎ ነበር።

ቃላቱ ብዙ ጊዜ ወሰዱብን። እያንዳንዱ ጥናት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወይም የቀበሌ ሊቀመንበሩ ሊያነበው የሚችል የሁለት ገጽ አማርኛ ይኑረው ብለን ነበርና። መንደሮች «በዘፈቀደ ተመረጡ» የሚለውን መጽሐፍ ላይ ታገኙታላችሁ። ገበሬ ፊት ብትሉት ግን ዘፈቀደ ማለት እንደመጣለት ማለት ነው፤ ሰውየው ተበደልኩ ይላል። «በዕጣ» ስትሉት ይረጋጋል፤ ዕጣ ዳኛ ነው፣ መሬት ሲከፋፈልም አይቶታል። ነርሷ «አንድ ብር ስንት ፍሬ አፈራ» ለሚለው ልኬት «የብር ፍሬ» የሚል ስም አወጣች። ስታትስቲክሰኛው እስከ ዛሬ አልወደደላትም። እኔ ወድጄላታለሁ።

ጽሑፍ ማግኘት ግን ከቃላት ሁሉ ከበደ። የዩኒቨርሲቲ መምህራን መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «ለዕድገት ይቆጠራል?» ብለው ነው። አዲስ ጆርናል ዕውቅና እስኪያገኝ አይቆጠርም፤ እውነቱን እነግራቸዋለሁ፤ ቡናቸውን ጨርሰው ይሄዳሉ። አልፈርድባቸውም፣ ልጆች ያሳድጋሉ። በየቀኑ «በአንድ ሳምንት እናትማለን» እያለ ዶላር የሚጠይቅ አጭበርባሪ ጆርናል ደብዳቤ እየደረሳቸው፣ ገንዘብ የማንጠይቀው እኛ ይበልጥ እናጠራጥራለን።

የባሕር ዳር ስውር ግምገማ ደግሞ የሚያስቅ ነገር ነው። ስም አጥፍተን የላክነውን ጽሑፍ ገምጋሚው ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ሲደርስ «ይህ እገሌ ነው፤ ቀበሌዋን አውቃታለሁ» ይላል። አሁን ገምጋሚ የምንለምነው ከጅማና ከሐዋሳ ነው። ከመጡልን የመጀመሪያ አምስት ጽሑፎች አንዱ አንድ ፕሮጀክት «እጅግ የተሳካ ነበር» የሚል ነው፤ ማነጻጸሪያ የለውም፣ የጸሐፊው ደመወዝም ከዚያው ፕሮጀክት ነው። መለስነው። ጸሐፊው ደግሞ ከቤተሰባችን ጋር አበልጅ ነው። በትንሣኤ ቤታችን አልመጣም፤ ጊዮርጊስ ደጅ ላይ ሲያየኝ ነጠላውን አስተካከለ። እናቴ «በወረቀት ዘመድ ታጠፊያለሽ?» አለችኝ። የዚህ መልስ እስከ አሁን የለኝም።

እኔ ራሴ የምድጃውን ጥናት፣ የድርጅቱን ስም ሳልጠራ፣ ከራሴ ማስታወሻ ደብተር እንደገና ጽፌ አስገባሁ፤ ከአርታዒነትም ወጣሁበት። ከጅማ የመጣው ግምገማ አንድ ገጽ ተኩል ነበር፤ ከዚያ ውስጥ ያልለቀቀኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። «ጸሐፊዋ ሰዎቹ ምድጃውን አለመጠቀማቸውን አሳይታለች፤ ለምን እንዳልተጠቀሙ ግን ያልጠየቀቻቸው ይመስላል።» መጠይቁን አውጥቼ አየሁት። ስለ ማገዶ፣ ስለ ሳል፣ ስለ ገቢ ጠይቄአለሁ። ለምን ብዬ አልጠየቅሁም። ለዚህ ነው እንግዲህ ስምንት ዓመት ሙሉ በአለቃዬ ስበሳጭ የኖርኩት!

ባለፈው ጥር፣ መንገዱ ሰላም የሆነበትን ቀን ጠብቄ፣ በአዲሱ የዓባይ ድልድይ ተሻግሬ ሐሙሲት ወረድኩ። እማማ አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ግን ደህና ነው። ከሦስቱ ጉልቻ በላይ ጣሪያው ሥር የዘር በቆሎ በልጡ ተሰቅሎ በጭስ ጠቁሯል። በ2009 ዓ.ም.ም እዚያው ነበረ፤ እኔ ዶሮዋን ሳይ አላየሁትም።

«እማማ፣ ለምን ነበር ያልጋገሩበት?»

ቀና ብለው በቆሎውን አዩ። «ጭሱን ወሰዳችሁት፤ ነቀዙን ማን ይውሰደው?» አሉኝ። የሣር ክዳኑም ጭስ ካላገኘ ምስጥ ይፈጀዋል። ማታ ልጆቹ ክብ ሠርተው የሚቀመጡት እሳቱ በሚታይበት ጉልቻ ዙሪያ እንጂ እሳቱን በዋጠ ምድጃ ዙሪያ አይደለም። ጻፍኩ። ጥናቱ እንደገና እየታረመ ስለሆነ ቅጽ 1 ቁጥር 1 ለፋሲካ አይደርስም፤ ሦስቱ ባልደረቦቼ ተቆጥተውኛል።

ከመሄዴ በፊት እማማ «ስለ እኔ የጻፍሽውን አንብቢልኝ» አሉኝ። ሁለቱን ገጽ የአማርኛ ጽሑፍ አነበብኩላቸው። ዶሮዋን ማስቀረት አልቻልኩም ነበርና ከነታቀፈችበት አለች። እስከ መጨረሻው በዝምታ ሰሙኝ።

«ደህና ነው። ዶሮዋ ግን ገብስማ አይደለችም፤ ዛጎልማ ነበረች።»

እዚያ አረምኩት። ከላይ ያለውን ግን አልፋቅሁትም።